አማትን ያስጣልኩበት ክረምት

ሰኞ

ዛሬ ወርክሾፑን አስጸዳሁ። ማጽዳት ከተባለ። ማሽኖቹ ሥር ያለው ቅባት ከብረት ፍቅፋቂ ጋር ተጋግሮ ቅርፊት ሠርቷል፤ በአካፋ ነው የተነሳው። ከሥሩ ያልወጣ ነገር የለም፤ የሲጋራ ቁራጭ፣ የሻገተ ዳቦ፣ ጠፋ ተብሎ የተለቀሰለት መፍቻ፣ አንድ ካልሲ። ጥንድ ቢሆን ይገባኛል። አንድ እግሩን ባዶ አድርጎ ወደ ቤቱ የሄደው ማን ነው ብዬ ሠራተኞቹን ጠየቅሁ። ሳቁ። እዚህ ቤት ጥያቄ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ሳቅ ነው።

ሥራ አስኪያጁ አዲሱ ትእዛዝ ከመጀመሩ በፊት ቤቱን እንዳስተካክል ሙሉ ሥልጣን ሰጥቶኛል። ትእዛዙ እንደ ቀድሞው የውሃ ተርባይን ክንፎች ነው፤ ውሃ እየመታቸው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ዘንግ የሚያዞሩት። እያንዳንዱ ክንፍ ከድፍን ብረት ተፈልፍሎ ይወጣል። የሚፈለፍለው ትልቁ ማሽን ነው፤ መቁረጫው በሦስት አቅጣጫ ይሄዳል፣ ሥሩ ያለው ጠረጴዛ ደግሞ ይጋደላልም ይሽከረከራልም፤ አምስቱም በአንድ ጊዜ፣ በእኔ ፕሮግራም። እንዲህ ላለ ማሽን ሰው እጁን ታጥቦ ነው የሚቀርበው።

እነዚህ ግን ጠረጴዛው ላይ ምን እንደተከሉ ልጻፍ። ሥራው የሚታሰርበት መቀመጫ፣ በብየዳ የተለጣጠፈ፣ ዝገት የበላው፣ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ የብረት ጉብታ ነው። ሥዕል የለው። ልኬት የለው። ከእኔ በፊት የነበረው ፕሮግራመር ሠርቶት ሄደ አሉኝ። ለምን እንዳጋደለው የሚያውቅ የለም።

«አማት ነው የምንላት» አለኝ ኦፕሬተሩ።

«ምን?»

«አማት። ማንንም ቀጥ ብላ አታይማ፣ ኢንጂነር። እንዲህ ነው።» አንገቱን ወደ ትከሻው ሰብሮ በዓይኑ ጫፍ አየኝ። «ፊቷ አያምርም፣ ግን ቤቱን የያዘችው እሷ ናት።»

ይህ ኦፕሬተር ልጄ አገባዋለሁ የምትለው ሰው ነው። ሲሠራ ስለሚያፏጭ ፉጨት ይሉታል። እኔም እዚህ ፉጨት እለዋለሁ፤ ስሙን በእጄ መጻፍ አላሰኘኝም። ልጄ የረሳሁትን መነጽር ልታደርስልኝ መጥታ ነው የተያዩት። መነጽር።

አማትን ከነብሎኖቿ አስፈትቼ ቁራጭ ብረት የሚከመርበት ላይ አስጣልኳት። ስትወድቅ የሰማሁት ድምፅ ደስ አለኝ። ዛሬ ደስ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።


ረቡዕ

አዲሱ መቀመጫ ደረሰ። ራሴ ስዬው፣ ራሴ ለክቼው። ቀጥ ያለ፣ የተሞረደ፣ ሥዕል ያለው፣ «ሀ-1» የሚል ስም ያለው። መለኪያ ብረት አጋድሜበት በሥሩ ብርሃን አላለፈም። በዚህ ወርክሾፕ ውስጥ ሳላፍር የምነካው የመጀመሪያው ነገር ነው።

የድሮውን ፕሮግራም ለአዲሱ መቀመጫ አዛወርኩት። የአማትን ግድለት ከሒሳቡ አወጣሁ፤ ቀሪውን ኮምፒውተሩ አሰላ። ስክሪኑ ላይ መቁረጫው በክንፉ ሆድ ላይ እንደ ዘይት ሲንሸራተት አየሁት። ንጹህ። ነገ ብረት ላይ።


ዓርብ

የመጀመሪያው ክንፍ ተበላሸ።

ሆዱ መሃል ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት አለ፤ የተነከሰ የሚመስል። ዙሪያው እንደ መስታወት ሆኖ ነው እንዲህ የሆነው። ሲታይ ያቅለሸልሻል፤ ንጹህ ሸሚዝ ላይ እንዳረፈ የአክታ ጠብታ።

«ደነበረች» አለ ፉጨት።

«ማን?»

«ጠረጴዛዋ። ደህና ስትሄድ ቆይታ እዚህ ሆዱ ጋ ስትደርስ ክው አለች፣ ፊቷን ወዲያ አዞረችና ደግሞ ረጋች።»

«ማሽን አይደነብርም። የሚደነብረው በቅሎ ነው።»

«እንግዲያው በቅሎ ገዝተውልናል።»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። እኔ ያየሁትን ግን አላየሁም አልልም። ይህ ሰው ሲሠራ ግራ እጁን የፍጥነት ማዞሪያው ላይ ያሳርፋል፤ ሹፌር ማርሽ ላይ እንደሚያሳርፈው። መቁረጫው እየሄደ ማዞሪያውን የነካካ ሰው እንዲህ ያለ ጠባሳ ይተዋል። ማሽኑ የታዘዘውን ያደርጋል። የማይታዘዘው ሰው ነው።


ቅዳሜ

ሁለተኛውም። እዚያው ላይ።


እሑድ ማታ

ባለቤቴ ሳትጠይቀኝ ምሳ ጠርታዋለች። ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ መጣ፤ ጥፍሮቹ ጠርዝ ላይ ያለው ጥቁር መስመር ግን አብሮት መጣ። ሾርባ ሲጠጣ ይሰማል። ዳቦውን ቆርሶ ሳህኑን ጠረገበት። ከዚያ ጥርሱን በምላሱ ፈተሸ። ልጄ ይህን ሁሉ ፈገግ ብላ ታያለች፤ በቴሌቪዥን የሚታይ ነገር ይመስል።

«ካልሲዋ የኔ ነበረች፣ ኢንጂነር» አለኝ በመሃሉ። «በዚያ ሰሞን የሳቅኩት ለዚያ ነው።»

«የቷ ካልሲ?» አለች ባለቤቴ።

«ማሽኑ ሥር ቱቦ ያንጠባጥብ ነበር። ጨርቅ ፈልጌ ሳጣ አውልቄ አሰርኩበት። ማታ በአንድ ካልሲ ስገባ እናቴ፣ ‹ሌላኛዋን የት አደረግካት?› አለችኝ። ‹ሥራ ላይ ናት› አልኳት።»

ባለቤቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ልጄም። ቱቦ በካልሲ። ጠገነ መባሉ ነው። ያኔ ነው የጠየቅኩት። ቆጣ ብዬ አይደለም፤ ጠየቅኩ እንጂ።

«ክንፉ ሆዱ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ነክተኸዋል ወይ?»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «አልነካሁም።»

«ሰው ሳያውቀው ይነካል።»

«ሳላውቀው የምነካ ከሆነ እንግዲህ የሚያውቁልኝ እርስዎ ነዎት።»

«አባዬ» አለች ልጄ፣ «ሾርባህ ቀዘቀዘ።»

ሾርባዬ አልቀዘቀዘም ነበር። ይህን አልኳት። ከዚያ በኋላ ስለ ዝናቡ ተወራ።

ከሄደ በኋላ ባለቤቴ ዕቃ እያጠበች፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ከዚያ ወዲያ ቀና ብላ አላየችህም። አይተሃል?» አለችኝ።

«ምን አጠፋሁ? ጠየቅሁ።»

«ጠየቅክ» አለች። ሳህን የምታስቀምጥበት አቀማመጥ አለ። ሳህኑን እንዲያ አስቀመጠችው።


ማክሰኞ

ሦስተኛው ክንፍ። የጥራት መርማሪዋ ሦስቱንም ጎን ለጎን ደርድራ ጠራችኝ። ወሬ የማትወድ ሴት ናት፤ ከዚህ ቤት ሰው ሁሉ የምትሻል እሷ ናት።

«ጭረቱ ሦስቱም ላይ አንድ ቦታ ነው» አለች።

«አይቻለሁ።»

«አንድ ቦታ ማለቴ አንድ ቦታ ነው፣ ኢንጂነር። የፀጉር ያህል እንኳ አይዛነፍም። የሰው እጅ እንዲህ ይደግማል?»

ልማድ ነው አልኳት። ሰው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይዘናጋል፤ ደረጃ ሲወርድ ሁልጊዜ አንድ ደረጃ ላይ እንደሚደናቀፈው። አየችኝ። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «እርስዎ ያውቃሉ» አለች።

አዎ፣ አውቃለሁ።


ማክሰኞ፣ በኋላ

የረሳሁት። ከግድግዳው ወዲያ ሲያወሩ ሰማሁ። «ኢንጂነሩ ካልተቆጣ ቁርሱ አይፈጭለትም።» ድምፁን አላወቅኩትም። የፉጨት አይደለም። የፉጨት ቢሆን ይቀለኝ ነበር።


ረቡዕ

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራኝ። ቢሮው የሽቶና የአሮጌ ምንጣፍ ሽታ አለው። ክንፉን በአውራ ጣቱ እየደባበሰ፣

«ይቺ ናት? በብርጭቆ ወረቀት ትሻሽና ትላክ» አለኝ።

«አትላክም።»

«ኧረ ማን ያያታል?»

«ውሃው ያያታል። ከዚች ጭረት ነው ስንጥቅ የሚጀምረው። ቀንና ሌሊት ውሃ ሲመታው ክንፉ ከዚህ ይቆረጣል፣ የተቆረጠው ደግሞ ሌሎቹን ይዞ ይሄዳል። አሽቼ አልሸፍንም። እንዲሸፈን አልፈርምም።»

በዚህ አላፍርም። በዚህ ማንም አያሳፍረኝም።

«እሺ» አለ፤ ክንፉን ገፋ አደረገው። «እንግዲያው ምክንያቱን ጻፍልኝ። ማሽን ነው? ፕሮግራም ነው? ሰው ነው? ደንበኛው ስም ይፈልጋል።»

ሰው ነው አልኩ። ጻፍኩ። «ኦፕሬተሩ በሥራ ሂደት ላይ የመቁረጫውን ፍጥነት ያለ ፈቃድ በመነካካቱ።» ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የተረፈ ቃል የለውም።

ሥራ አስኪያጁ አንብቦ፣ «ታዲያ ይህ እኮ ማሰናበቻ ነው» አለ። «እንዲያ ከሆነ ማረጋገጫ አምጣልኝ። አንተው ራስህ ቁምና አንድ ክንፍ አውጣ። ንጹህ ከወጣ ሰውዬው ይሄዳል። እስከዚያ ከማሽኑ ይነሳ።»

ተስማማሁ። ትክክለኛ ፈተና ነው።


ሐሙስ

ፉጨትን ብረት መቁረጫ መጋዙ ላይ አደረጉት። ቀኑን ሙሉ ብረት ያስቆርጣል። አያፏጭም። ሳልፍ፣ «ደህና ዋሉ፣ ኢንጂነር» አለኝ፤ ከወገቡ ዝቅ ብሎ። ከዚያ በፊት ዝቅ ብሎልኝ አያውቅም። ሆን ብሎ ነው።


ዓርብ ማታ

ልጄ አክስቷ ቤት ሄደች። ሻንጣ ይዛ።

በር ላይ ቆማ ጫማዋን እያሰረች፣ ወለሉን እያየች ነው ያወራችው።

«ሥራውን ሊያጣ ነው፣ አባዬ። አንተ ጽፈህ።»

«ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

«አይተሃል? ማዞሪያውን ሲነካ በዓይንህ አይተሃል?»

«ውጤቱን አይቻለሁ። ብረት አይዋሽም።»

«እሱም አይዋሽም።»

«የምትወጂው ሰው ስለሆነ ነው እንዲህ—»

«ለምወደው ሰው ሁሉ እንዲህ እላለሁ። ላንተም ብዙ ጊዜ ብያለሁ። አንተ ግን ስትሳሳት ትክክል ከሆንክበት ጊዜ ይልቅ ድምፅህ ጸጥ ይላል፤ ለዚህ ነው ማንም የማይነቃብህ።»

ጫማዋን አስራ ጨርሳ ነበር። እንደገና ፈታ አሰረችው። ከዚያ ሄደች። ባለቤቴ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ አላጋጨችውም።

በዚህ ቤት ውስጥ ሥራ የሚባለውን ነገር የሚያውቅ ሰው የለም። ሰው ላይ አልፈርድም እኮ። ለክንፉ ነው የቆምኩት። ሁሉም ሰው አስታራቂ ይሆናል፣ ሁሉም ይለሳለሳል፣ በመጨረሻ ክንፉ ይሰበራል። ያኔ የለሰለሰውን ማንም አይጠይቅም።


ሰኞ

ዛሬ እኔው ቆሜ ክንፍ አወጣሁ። የወርክሾፑን ሰው አስወጥቼ፣ ብቻዬን።

የማሽኑ በር እጀታ ላይ የሚንጠለጠለውን ጨርቅ ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር። ጨርቅ አይባልም። የአንድ ሰው የውስጥ ሱሪ ነበር በአንድ ዘመን፤ ላስቲኩ አሁንም አለ። እጄን የጠረግኩት በእሱ ነው። ቢሮ ገብቼ በሳሙና ታጠብኩ፣ ደግሜ ታጠብኩ፣ ሽታው አልለቀቀኝም። የቅባት ሽታ ብቻ አይደለም፤ የማቀዝቀዣው ውሃ ሰንብቶ የሚያመጣው፣ የሞተ አይጥ የመሰለ ሽታ አለ። ለሥራ አስኪያጁ ስለ ጨርቁ እጽፋለሁ።

ክንፉን ጠቅልዬ ቢሮዬ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።


ማክሰኞ

ሥራ አስኪያጁ ስለ ፈተናው ጠየቀኝ። አልተጠናቀቀም አልኩት። ኤሌክትሪኩ ይወጣል ይገባል፤ ይህ ነገር መጣራት አለበት።


ረቡዕ

ኤሌክትሪኩን አስለካሁ። ደህና ነው። የጠረጴዛውን ፍሬን አስፈተሽኩ። ደህና ነው። የመቁረጫውን ማሰሪያ ቀየርኩ። ሌላ ክንፍ አላወጣሁም። የመጋዙ ድምፅ ቀኑን ሙሉ በጥርሴ ውስጥ ሲሄድ ዋለ።


ሐሙስ

ባለቤቴ እራት ላይ፣ «ፈተናህ እንዴት ሆነ?» አለችኝ።

«የምን ፈተና?»

«ሰውዬው የሚባረርበት።»

በሂደት ላይ ነው አልኳት። «በሂደት ላይ» አለች፤ ጨው አቀበለችኝ። ጨው አልጠየቅኩም ነበር።


ቅዳሜ

ልጻፈው።

ማዞሪያውን ማንም አልነካም። ሰኞ ዕለት ሁለት እጄን ከኋላዬ አጣምሬ ነበር የቆምኩት። መቁረጫው ወደ ክንፉ ሆድ ሲደርስ ጠረጴዛው፣ ያ ሁሉ ክብደት፣ ግማሽ ዙር ክው ብሎ ዞረ። ፊቱን ወዲያ አዞረና ረጋ። ደነበረ። ሌላ ቃል የለውም፤ ፈልጌ ነበር።

ዛሬ ሰው በሌለበት ገብቼ የፕሮግራሙን ማዕዘኖች አንድ በአንድ አየኋቸው። ማየት የነበረብኝ ሀ-1ን የሠራሁ ዕለት ነው። አላየሁም፤ የአማትን ግድለት ከቁጥሮቹ ቀነስኩና ኮምፒውተሩ ያሰላውን ተቀበልኩ። ሒሳቡ ትክክል ነበር። ትክክለኛ ሒሳብ መቁረጫውን ወዴት እንደወሰደው ግን አላየሁም።

ነገሩ ይህ ነው። መቁረጫው በክንፉ ላይ ሲሄድ መጀመሪያ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ። በመሃል ቀጥ ብሎ የሚቆምባት ነጥብ አለች። ቀጥ ብሎ ሲቆም ለጠረጴዛው ሁሉም አቅጣጫ አንድ ነው፤ ወዴት መዞር እንዳለበት የሚነግረው ነገር የለም። በትክክል በነጥቧ ላይ ቢያልፍ ደህና ነው። ፀጉር ታህል ከሳታት ግን፣ ሁልጊዜም ይስታታል፣ ጠረጴዛው በዚያች ቅጽበት ግማሽ ዙር ዞሮ መጠበቅ አለበት። ከባድ ስለሆነ አይደርስም። መቁረጫው ቆሞ ይጠብቀዋል። እየጠበቀ ያኝካል። ስክሪኑ ላይ ጠረጴዛው ክብደት የለውም፤ ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ሁሉም ያምራል።

መቀመጫው ወደ ጎን ያጋደለ ጊዜ መቁረጫው ወደዚያች ነጥብ አይደርስም፤ ከሩቅ አልፏት ይሄዳል። አማት ጠረጴዛው ላይ በነበረች ጊዜ አንድም ክንፍ አልተነከሰም። ቀጥ አድርጌ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ይህን አላውቅም ነበር ብል እንኳ ደግ ነበር። አስተምሬዋለሁ። በወጣትነቴ ሰሌዳ ላይ ስዬ፣ ነጥቧን በቀይ ከብቤ፣ ከዚህች ራቁ ብዬ ለተማሪ አስረድቻለሁ። ሌላ ሰው ቢሠራው በምን ቃል እንደምሰድበው አውቃለሁ። ቃሉን ለራሴ አልኩት። አልበቃም። አሁንም አፌ ውስጥ መራራ ነው።


ሰኞ

አማትን ፍለጋ ቁራጭ ብረቱ ጋ ሄድኩ። የለችም። ቁራጭ የሚሰበስበው መኪና ወስዷታል። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ዝገት፤ ሱሪዬ እስከ ጉልበት ተበላሸ። የጥራት መርማሪዋ በመስኮት ስታየኝ ነበር።

ከእኔ በፊት ለነበረው ሰው ስልክ ደወልኩ። አክብሬ ነው የደወልኩት። ይህ ሰው ያችን ነጥብ ከእኔ ቀድሞ አይቷል፣ በዝምታ ግድለቷን ሠርቶ ሄዷል፣ እኔ ደግሞ ሥራውን አስጣልኩ፤ ይህን ልነግረው ነበር።

«መቀመጫውን ለምን ነበር ያጋደልከው?» አልኩት።

«የቷን? እ፣ እሷን። ውሃው ነዋ።»

«የምን ውሃ?»

«የማቀዝቀዣው። ቀጥ ያለ ጊዜ ላዩ ላይ ይጠራቀምና በሩን ስትከፍተው ጫማህ ላይ ነው የሚደፋው። ወደዚያኛው ወገን እንዲወርድ ብዬ ነው። ምነው?»

ምንም አልኩት። ዘጋሁ።

ጫማው እንዳይረጥብበት። ያ ሁሉ ክንፍ ንጹህ የወጣው የአንድ ሰው ጫማ እንዳይረጥብ ነው። አንዱ ሳያውቅ አዳነው፣ ሌላው እያወቀ አበላሸው፤ መሃል ላይ አንድ ሰው ብረት እያስቆረጠ ነው። ከየትኛው እንደምጀምር አላውቅም፤ ሁሉም ያስጠላል።


ማክሰኞ

ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ። ነገርኩት። እንደ ልጅ አስረድቼው ገባው።

«ታስተካክለዋለህ?»

«አስተካክለዋለሁ። አዲስ መቀመጫ ነው፤ ያጋደለ።»

«እሰይ። በቃ አለቀ» አለ። መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀት አወጣ። የማሰናበቻው ደብዳቤ ነው፤ የተተየበ፣ ለፊርማ የተዘጋጀ። «ይቺን ግን እንዳለች እንተዋት። ለደንበኛው በሰው ስህተት ነው ብያለሁ፣ ሰውዬውን አንስቻለሁ ብያለሁ። አሁን ዞሬ ኢንጂነሬ ነው ብል ማን ይሰማኛል? ልጁ ደግሞ ወጣት ነው፣ ሌላ ቦታ ያገኛል። ማንም አያውቅም። አንተ ማታ ተኝተህ ታድራለህ።»

ድምፁ ለስላሳ ነበር። ብርጭቆ ወረቀት ድምፅ ቢኖረው እንዲህ ነበር የሚሆነው። ትሻሽና ትላክ።

«ደንበኛው ስም ይፈልጋል ብለኸኛል» አልኩት።

«ይፈልጋል።»

«የኔን ስጠው።»

መሳቢያውን ዘጋ። «ለምን እልህ ትጋባለህ? እሱ ምንህ ነው?»

የልጄ ልል ነበር፤ ተውኩት። ስለዚያ አይደለም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሐሰት ነው፣ ሐሰቱ ደግሞ የኔ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሌላ ምክንያት አያስፈልገኝም። ደብዳቤውን ወስጄ ለሁለት ቀደድኩት። ቀጥ ብሎ አልተቀደደም።

ሥራ አስኪያጁ ቅጣት ወሰነብኝ፤ ከእንግዲህ የእኔ ፕሮግራም ሁሉ መርማሪዋ ካልፈረመችበት ማሽን ላይ አይወጣም። እንደ ጀማሪ። ሲነግሯት ፊቷ አልተለወጠም። «ጠዋት ጠዋት ያምጡልኝ» አለች።


ማክሰኞ ማታ

መጋዙ ጋ ሄጄ ነገርኩት። የቆመ ሰው ሁሉ ይሰማ ነበር፤ እንዲሰማ ነው የጠበቅኩት።

«ወደ ማሽንህ ተመለስ» አልኩት። «ፍጥነቱን የነካህ አንተ አይደለህም።»

መጋዙን አጠፋ። «ማን ነው ታዲያ?»

«እኔ ነኝ።»

«እጅዎ ማዞሪያው ላይ ነበር?»

«አልነበረም። ፕሮግራሙ ነው።»

«እንግዲህ ሳያውቁት» አለኝ። ሳይስቅ ነው ያለው። የሚስቅም አልነበረም። የሥራ መነጽሩን አውልቆ ሰቀለ፣ የብረት ብናኙን ከቱታው አራገፈ፣ አለፈኝ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። ሾርባ አሞቀችልኝ። ለልጄ ደውለሽ ንገሪያት አልኳት። «ስልክ አለህ» አለችኝ። አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ደፍቶ ተቀምጧል።


ሐሙስ

አልደወልኩም። ሥዕሉን እየሠራሁ ነው። አምስት ዲግሪ ብሞክር ለነጥቧ ይቀርባል፤ አሥራ አምስት ንጹህ ነው። መርማሪዋ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አሰላችው። አንድ ቁጥር ላይ ቆማ፣ «ይህ ሰባት ነው ወይስ አንድ?» አለችኝ። ሰባት ነው። ጽሕፈቴ እንዲህ ሆኗል።


ዓርብ

መቀመጫዋን ፉጨት ነው የሚያስራት፤ ስለዚህ ሥዕሉን ለእሱ ሰጠሁት። ከሥዕሉ ሥር በቀኝ በኩል የዕቃው ስም የሚጻፍበት ሳጥን አለ። «ሀ-2» ብዬ ጽፌ ነበር። ከዚያ ሰርዤ ሌላ ጻፍኩ። ሰው የሚጠራበትን ስም ነው መጻፍ፤ አለበለዚያ በሁለተኛው ቀን ማንም አያገኛትም። የአሠራር ጉዳይ ነው።

አነበበ። ሳጥኑ ጋ ሲደርስ ቆየ። ቀና ብሎ አላየኝም።

«አማት» አለ።

«ስሟ አይደለም?»

«ነው።» ሥዕሉን ዞር ዞር አደረገው። «ወዴት ነው የምታጋድለው፣ ኢንጂነር? አልተጻፈም።»

ወሰድኩት። አልተጻፈም። ዲግሪው አለ፣ ቀስቱ የለም። በሥራ ዘመኔ አቅጣጫ የሌለው ሥዕል ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። መርማሪዋም አልፋዋለች።

ለመቁረጫው ሁለቱም ወገን አንድ ነው። አስልቼዋለሁ።

«ወዳንተ» አልኩት።

«ወደ እኔ ካጋደለች ውሃው ጫማዬ ላይ ነዋ የሚደፋው።»

«ቦቲ ጫማ አድርግ።»

አሁን አየኝ፤ አንገቱን ትንሽ ሰበር አድርጎ፣ በዓይኑ ጫፍ። ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደ። በሥዕሌ ላይ፣ በንጹሁ ወረቀት ላይ፣ በዚያ ጥቁር ጥፍር ቀስቱን ራሱ ጨመረበት። ከዚያ ይዞት ሄደ። ማሽኑ ጋ ሲደርስ ያችኑ የተለመደች ዜማውን ያፏጭ ጀመር፤ መሃሉ ላይ ሁልጊዜ ይስታታል።

ማታ ላይ ማሽኑ ጋ የተሰቀለውን ሥዕል መልሼ ሳየው ቀስቱ ጠማማ ነው። ጫፉም አንዱ ከአንዱ ይረዝማል። ላጲስ እጄ ላይ ነበር።

አላጠፋሁትም።